የይኸነው ቋጠሮ

ሌላ እናት ልጇ ደህና መሆኑን የምታውቀው ፊቱን አይታ ነው። በቀለች ግን ዓይኗ ወደ እግሩ ይወርዳል። ዛሬም የጎመን ቅርጫቷን እንደታቀፈች ከአጥሩ ጥግ ቆማ፣ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው የግጦሽ ሜዳ ዳማውን ፈረስ የሚያስሮጠውን ልጇን ክንዴን ታያለች። ፈረሱ ሶምሶማ ሲል ሁሉም ደህና ነው። ግልቢያ ሲጀምር ግን የልጁ ተረከዝ ብድግ ይላል። ተረከዙ ብድግ ሲል ደግሞ እግሩ ወደፊት ይንሸራተትና፣ የፊቱ ብቻ ማረፍ የነበረበት እግር እስከ መሃሉ እርካቡ ውስጥ ይገባል።

"ኧረ ጊዮርጊስ!" አለች ለራሷ። "ኧረ በስምህ!"

ያንን ተረከዝ ታውቀዋለች። ክንዴ ገና ልጅ ሳለ ባሏ ይኸነው እንዲሁ ብድግ ያለ ተረከዝ ይዞ ለጉግስ ወደ ዳንግላ ሄደ፤ የተመለሰው በቃሬዛ ነው። ፈረሱ በርግጎ ወደኋላ ሲጥለው እግሩ በእርካቡ አልፎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቀረቀረ፤ ፈረሱም ሜዳውን ሙሉ ጎተተው። እርካቡን ከእግሩ ያላቀቁት ሬሳው ቤት ከገባ በኋላ ነው። እግሩን ይዛ የደገፈችላቸው እሷ ናት። ይህንን ያየች ሴት የልጇን ተረከዝ ባትጠብቅ ነበር የሚገርመው።

እንግዲህ ጥር ሃያ ሦስት እየመጣ ነው። ፈረሰኛው ሁሉ እንጅባራ የሚወጣበት ቀን። ክንዴ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባቱ ወገን ጋር ይሰለፋል። በአባቱ ኮርቻ፣ በአባቱ እርካብ። ችግሩም ያለው እዚያው እርካቡ ላይ ነው።

በእነሱ መንደር የእርካብ ጠፍር ዘለበት የለውም። ባለኮርቻው ራሱ በቁመቱ ልክ ለክቶ፣ በገዛ እጁ ይቋጥረዋል። ባለኮርቻው የሞተ እንደሆነ ኮርቻው ለለቅሶው ፈረስ ላይ ተጭኖ ይዞርና ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ ቋጠሮውን ግን ማንም አይነካም። ልጁ ሲደርስ በዚያው ቋጠሮ ይወጣበታል። የአባቱን ቋጠሮ የፈታ ልጅ አባቱን ዳግም ቀበረው ይባላል። ይኸነው ደግሞ ረጅም ሰው ነበር፤ እግሩን እንደ ምሰሶ ዘርግቶ መቀመጥ ይወድ ነበር። የመንደሩ ወንድ ሁሉ የሚወደው ይህንኑ ነው። ጉልበቱን አጥፎ የሚጋልብ ሰው ካዩ "እንቁላል የታቀፈች ዶሮ" ብለው ይስቁበታል። ወንድ ልጅ ሲሞኝ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ አንገቱን ይሰብራል እንጂ ጉልበቱን አያጥፍም።

በቀለች የነገሩን ሥር ያወቀችው በኅዳር ነው። ክንዴ ከአጨዳ ሲመለስ ማነከስ ጀመረ። ባቱ ይቆረጥመዋል፣ ውስጥ እግሩ ያቃጥለዋል፣ አቀበት ሲወጣ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ጫማውም በውስጥ በኩል ተበልቶ ያልቃል። የአባቱም ጫማ እንዲሁ ነበር የሚያልቀው። እየጎተተች በባጃጅ እንጅባራ ወሰደችው። የሆስፒታሉ ሐኪም አይቶት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው፤ እዚያም ሰርክአዲስ የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለቻቸው።

ሰርክአዲስ መጀመሪያ እግሩን ውኃ አስነክራ ሲሚንቶው ላይ አስረገጠችው። ዱካው አንድም ጎድጓዳ የሌለው፣ ሙሉ እንደ ጡብ ሆኖ ወጣ።

"እግርህ ጠፍጣፋ ነው" አለችው።

"እሱን ድሮም አውቃለሁ" አለ ክንዴ። "ለዚህ ብዬ ከዳንግላ ጠንካራ የጫማ ሶል ገዝቼ አስገባሁበት። ይባስ አሳመመኝ እንጂ ምንም አልጠቀመኝ።"

"ይሁን፤ አሁን ተኛልኝ።" እግሩን ዘርግቶ ሲተኛ መዳፏን ውስጥ እግሩ ላይ አድርጋ ወደ ቅልጥሙ ገፋችው። እግሩ ትንሽ መጣና ቆመ። ብትገፋ እምቢ። ከዚያ ጉልበቱን አጠፈችና እንደገና ገፋችው፤ እግሩ ያለምንም ችግር እጥፍ ብሎ መጣ።

"አዩት እናቴ?" አለቻት ወደ በቀለች ዞራ። "ጉልበቱ ሲታጠፍ ይመጣል፣ ሲዘረጋ እምቢ ይላል። ባት ከጉልበት በላይ ተነስቶ ተረከዝ ላይ ነው የሚታሰረው። የእሱ ባት አጥሯል፣ ጠብቋል። ስለዚህ ተረከዙን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሰው ደግሞ መራመድ አለበት፤ ተረከዙ አልወርድም ሲል እግሩ መሃሉ ላይ ይታጠፍና ውስጥ እግሩ መሬት ላይ ይተኛል።"

"ታዲያ እግሩ የተኛው በባቱ ነው?"

"ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ጠፍጣፋ እግር ይዞ ተወልዶ አንድም ቀን ሳያመው ዕድሜውን የሚጨርስ ሞልቷል። አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል፤ የቱ እንደቀደመ እንኳን ሁልጊዜ አይታወቅም። የልጅዎ ግን ባቱ ካልላላ እግሩ አያርፍም። ባቱ ሳይላላ ከሥር በጠንካራ ሶል ቢደገፍ ደግሞ ከላይና ከታች መጨፍለቅ ነው የሚሆነው።"

ከዚያ ግድግዳ ፊት አቆመችው። አንዱን እግር ወደኋላ ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ተረከዙን ከመሬት አጣብቆ ወደ ግድግዳው መደገፍ። ጠዋትና ማታ። ክንዴ "ለስንት ቀን?" ሲላት ሳቀች። "ቀን አትበል ወንድሜ፤ ወራት በል።"

በቀለች ግን ሐሳቧ ፈረሱ ላይ ነበር። "ልጄ፣ ፈረስ ላይስ?"

"ስለ ፈረስ እንኳን አላውቅም እናቴ፤ ተቀምጬበትም አላውቅ። ብቻ እግሩን ዘርግቶ የሚረግጠው ነገር ሁሉ ተረከዙን ያነሳዋል። ጉልበቱ እጥፍ ካለ ባቱ ይላላለታል፣ ተረከዙም ይወርዳል።"

በቀለች ሌላውን አልሰማችም። እግር ሲዘረጋ ተረከዝ ይነሳል፤ ተረከዝ ሲነሳ እግር ይንሸራተታል፤ እግር ተንሸራቶ ሲያልፍ ሰው ይጎተታል። የይኸነውን ሞት ዕለቱ ነው ሲሏት፣ ቡዳ ነው ሲሏት፣ የፈረሱ ጥፋት ነው ሲሏት ኖራለች። ለካ ባሏ የሞተው እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ በመውደዱ ነው! እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለች እንባዋ መጣ። ልጁ "ምነው እማ?" ቢላት "መድኃኒቱ ሸቶኝ ነው" አለችው።

በመንገድ ላይ ነገረችው። "ክንዴ፣ ጠፍሩን አሳጥረው። ጉልበትህ እጥፍ እንዲል።"

"የአባቴን ቋጠሮ ልፍታ?"

"ፍታው!"

"እማ፣ ምን ነካሽ?" አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ግድግዳውን መግፋት ለጥቂት ቀናት ሞክሮት ነበር። ከዚያ የአጎቱ ልጆች ድንገት መጥተው ሲገፋ አገኙት። "ክንዴ የእናቱን ቤት ሊያፈርስ ነው! ኑ አግዙት!" ብለው በሳቅ ተንከባለሉ። ከዚያች ቀን በኋላ ግድግዳው ዘንድ አልቆመም። የቀልድ ነገር እኮ ከዱላ ይብሳል፤ ዱላ ቢያንስ ያልፋል።

በቀለች ተስፋ አልቆረጠችም፤ ወደ ባሏ ታላቅ ወንድም ወደ አያ እንግዳው ሄደች። እንግዳው የፈረሰኞቻቸው አለቃ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይኸነው ሲሞት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ የክንዴንም እርሻ ያረሰለት እሱ ነው። ግን እሱም ያው የመንደሩ ወንድ ነው።

"አያ እንግዳው፣ እርስዎ ቢነግሩት ይሰማዎታል። ጠፍሩን ያሳጥር። እግሩ እንደ አባቱ እግር ነው። ሐኪም ቤት ወስጄው አይቻለሁ።"

"አንቺ በቀለች፣ የወንድ ኮርቻ ውስጥ ምን አገባሽ?" አላት ሳይቆጣ። "ወንድሜን የገደለው ዕለቱ ነው። ቋጠሮው ሰው አይገድልም።"

"ቋጠሮው እኮ አይደለም፣ እግሩ መዘርጋቱ ነው! ባቱ ጠብቆ ተረከዙን ያነሳዋል፤ እግሩ አልፎ ይገባል!"

"ባቱ!" ብሎ ሳቀ እንግዳው። "አባቱም አያቱም በዚያ ባት ነው የጋለቡት። ልጁ ፈርቶ እንደሆን ፈራሁ ይበል፤ ማንም አያስገድደውም። ካልፈራ ግን ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።"

"የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። ስለዚህ አትፍሪ።"

ከእንግዲህ ምን ይባላል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች በሆዷ፤ በአፏ ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱን ፊት ለፊት ሞኝ ማለት አይሆንላትም። እስከ ቤቷ ድረስ በአገውኛ እየተሳደበች ሄደች። ለንዴት የሚጣፍጣት አገውኛው ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ዕለት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ክንዴ ፈረሱን ሊያጠጣ ወደ ወንዝ ወረደ። ኮርቻው መደቡ ላይ ተቀምጧል። በቀለች ብቻዋን ናት።

መጀመሪያ ቋጠሮውን ነካችው። በላብና በዘመን ጠቁሮ ድንጋይ ሆኗል። ብትፈታው ልጁ ወዲያው ያየዋል፤ ካየው ደግሞ በእልህ መልሶ እዚያው ላይ ይቋጥረዋል። አይሆንም። ስለዚህ ካራዋን ከወገቧ መዘዘችና የኮርቻውን ክንፍ ገለበጠች፤ ጠፍሩ ከእንጨቱ የሚንጠለጠልበት፣ ዓይን የማያየው ቦታ። ማረድ አታውቅም፤ ዶሮ እንኳን ጎረቤት ነው የሚያርድላት።

ሐሳቧ ይኸው ነበር። ጠፍሩን እስከ ግማሹ መቁረጥ። ልጁ ቢቆምበት የሚችለው፣ ወድቆ ቢጎተት ግን የሚበጠስ። እግሩ እንደ አባቱ ቢቀረቀር እርካቡ ከነእግሩ ከኮርቻው ይለያል፤ ፈረሱ ለብቻው ይሄዳል፣ ልጇ ይቀራል። በሐሳብ ሲሉት ቀላል ነው። ቆዳ ግን የእሷን ሐሳብ አያውቅም። ቀድሞ ቢበጠስስ? እሱ ራሱ ቢጥለውስ? በገዛ እጇ ገደለችው ማለት ነው። በቀለች ይህን ሁሉ ታውቃለች። እያወቀች ቆረጠችው። መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥላም በየት በኩል እንደሚወድቅ ማን ያውቃል ብላ የግራውን። ትንሽ ቆረጠች፣ ጎተተችው፣ ጨመረች፣ እንደገና ጎተተችው። "ይበቃል" አለች። "ይበቃ ይሆን?" አለች። ኮቴ ሰማች።

ክንዴ ሲገባ እናቱ ኮርቻው አጠገብ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ቆማለች።

"ምን ሆነሽ ነው እማ?"

"አቧራውን ላራግፍልህ ብዬ።"

"ሴት ኮርቻ አትነካም ሲሉሽ አልሰማሽም?" አለና ሳቀ። መጥቶ ግንባሯን ሳማት። "አይዞሽ። ነገ ትኮሪብኛለሽ።"

እዚያው ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከነገረችው አዲስ ጠፍር ያስገባል፤ በዚያው ልክ፣ በዚያው ርዝመት። ያቺን ሌሊት ጎኗ መደቡን ሳይነካ ነጋ።

እንጅባራ ሜዳው ላይ ሰው እንደ አሸዋ ፈሷል። ፈረሱ በየቀለሙ ተሸልሟል፤ ዣንጥላው፣ እልልታው፣ ፉከራው ጆሮ ያደነቁራል። በቀለች ከሴቶቹ ጋር ሕዝቡን ከሚያግደው ገመድ ዳር ቆማለች። ካራዋ መቀነቷ ውስጥ ነው። ጠፍሩ አልበጠስ ካለ ሮጬ እደርሳለሁ፣ በእጄ እቆርጠዋለሁ ብላ ነው ይዛው የመጣችው። የሚጋልብ ፈረስ ላይ ሮጦ መድረስ! እናት ስትፈራ እንዲህ ታስባለች፤ ሞኝነት እንደሆነ እሷም አልጠፋትም።

ጉግሱ የእነ እንግዳው ወገን ከጥርባ መንደር ፈረሰኞች ጋር ነው። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል፣ ዘንጉን ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ክንዴ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። በቀለች አንድ ጊዜም ፊቱን አላየችም። ጠፍሩን ነው የምታየው። ቻለ። ጠፍሩ ቻለ! ተመልሶ ሲመጣ አያ እንግዳው "እሰይ የይኸነው ልጅ!" ሲል ሰማች። አጠገቧ ያለችው ሴት "እልል በይ እንጂ፣ ልጅሽ አይደለም እንዴ?" ብላ ጎነተለቻት። እሷ ዓይኗን ከጠፍሩ አላነሳችም።

በሁለተኛው ዙር ያባረረው ደርበው የሚባል የጥርባ ጎረምሳ ነው። ጥሩ ጋላቢ ነው፤ ቅርብ ደረሰበት። ሕዝቡ ጮኸ። ክንዴ ጩኸቱን ሲሰማ ልቡ አበጠ መሰል፣ እርካቡ ላይ ብድግ ብሎ ቆመ፤ እግሩን እንደ ምሰሶ ዘርግቶ፣ ልክ እንደ አባቱ። ጋሻውን ወደኋላ ዘረጋ። በቀለች ተረከዙን አየች። ተነሳ። እግሩ ወደፊት ተንሸራተተ፤ መሃሉ ገባ፤ ቁርጭምጭሚቱ ገባ።

"እግሩ!" ብላ ጮኸች። "እግሩ ገባ!" ማን ይሰማታል?

ዘንጉ ጋሻውን መታ። ከዳር አንድ ዣንጥላ ብልጭ ሲል ዳማው በርግጎ ወደ ጎን ተወረወረ። ክንዴ ወደኋላ ሄደ፣ ጀርባው መሬቱን መታው፤ ቀኝ እግሩ ግን ከላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፈረሱ ጎተተው። ሕዝቡ "እሪ!" አለ። ራሱ መሬት ለመሬት ሲነጥር ታያለች። በቀለች እየሮጠች ነው፤ ገመዱን መቼ እንዳለፈችው አታውቅም። "ተበጠስ! ተበጠስ! ምነው አትበጠስም!" ትላለች። ፈረሱ ጎተተው፣ አሁንም ጎተተው።

ተበጠሰ።

ክንዴ ተንከባሎ አቧራው ውስጥ ቀረ። ፈረሱ ባዶውን ሄደ። ከዚያ ልጁ በክርኑ ተደገፈ፣ ተቀመጠ፤ አፉን በእጁ ጠረገ። ቀጥሎም ተነሳ። በቀለች ካለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ምን እንደሆነች እንጃ።

ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። አያ እንግዳው ከፈረሱ ወርዶ የወደቀውን እርካብ ከነጠፍሩ አንስቷል። የተበጠሰውን ጫፍ አየ። ሰዎች ወደያዙት ዳማ ሄዶ የኮርቻውን የግራ ክንፍ ገለበጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ካራ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ይህ መበጠስ አይደለም! በካራ ተቆርጧል! ሁለቱም ተቆርጧል!"

ጠዋት የሁለቱ ወገን ፈረሶች ጎን ለጎን ታስረው ነበር። ያ ነገር በሁሉም አእምሮ በአንድ ጊዜ መጣ። አንዱ ዘሎ የደርበውን ፈረስ ልጓም ጨበጠ። "እኔ አላውቅም! በጊዮርጊስ እኔ አላውቅም!" ይላል ደርበው፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ጥርባዎቹም ፈረሳቸውን እያዞሩ መጡ። በጨዋታ ይወረወር የነበረው ዘንግ አሁን በደንብ ተጨበጠ። "ልጃችንን ልትገድሉ!" "ማን ነካላችሁ!" አንድ ዱላ ቢያርፍ ስንት ሬሳ እንደሚወድቅ የአዊ ሰው ያውቃል፤ ለስንት ዓመትም ደም እንደሚመላለስ ያውቃል።

በቀለች ተነሳች። ነጠላዋ ወድቋል፤ አላነሳችውም። በፈረሶቹ መካከል ገባች።

"እኔ ነኝ።"

አልሰሟትም።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት! እኔ ነኝ እላችኋለሁ!" ካራውን ከመቀነቷ መዝዛ ከፍ አደረገችው። "በዚህ! ትናንት፣ በቤቴ! ልጁን ልቀቁት!"

ዘንጎቹ አየር ላይ ቀሩ። እንግዳው መጀመሪያ ካራውን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። "አንቺ... የገዛ ልጅሽን ልትገድይው?"

"እንዲተርፍ ነው! ቢቀረቀር እንዲበጠስ ነው! እንደ አባቱ እንዳይጎተት ነው!"

"ባይቆረጥ መቼ ይወድቅ ነበር?" አለ አንዱ ከኋላ። "እውነቱን ነው፤ ቆርጣ ጣለችው" አለ ሌላው። "ወይ ጉድ! ሴት ኮርቻ ስትነካ ይኸው ነው" አለ ሦስተኛው፤ እሱማ ዝም ቢል ምን ነበረበት! በቀለች እግሩ ቀድሞ እንደገባ በዓይኗ አይታለች። ማን ያምናታል? እንደዚያ የሚያዩዋትን ሁሉ ትታ ልጇን አየችው። እንዲናገር ጠበቀችው።

ክንዴ አልተናገረም። በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ ከጆሮው በላይ ደም ይወርዳል። ወደ አጎቱ ሄዶ እርካቡን ከነጠፍሩ ከእጁ ወሰደ። በአንዱ ጫፍ ካራ የነካው ቁራጭ፣ በሌላው ጫፍ እርካቡና ያልተነካው የአባቱ ቋጠሮ። ትከሻው ላይ አደረገው። የዳማውን ልጓም ያዘና እያነከሰ ከሜዳው ወጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

በቀለች ከኋላው ተከተለች። ከከተማው እስኪወጡ አልዞረም። ከከተማውም ወጥተው አልዞረም። ሚኒባስ ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፋቸው ወደ ዳር ወጣ እንጂ "ነይ ወዲህ" አላላትም። "ቁስልህን ልየው" ልትል ፈለገች፤ ደፍራ አላለችም። ጠፍሩን ባትቆርጠው ኖሮ አሁን ከሬሳው ኋላ ነበር የምትሄደው፤ ይህን ታውቃለች። ግን ከዛሬ ጀምሮ "እማ" ላይላት ይችላል። በመንደሩ እናቱ በሰው ፊት የጣለችው ልጅ ተብሎ ይኖራል። ይህንንም ታውቃለች። ደግማ ብትጠየቅ ደግማ ትቆርጠዋለች፤ እሱም እውነት ነው።

ከዘንገና በላይ ካለው አቀበት ላይ ሲደርሱ ክንዴ ቆመ። ባቱን ይዞ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ የእርካቡ ብረት ዙሪያውን ሰማያዊ ምልክት ትቷል። በቀለች ራቅ ብላ ቆመች። ያንን ምልክት አንድ ጊዜ፣ በሌላ እግር ላይ አይታዋለች።

"እግሬ ነው ቀድሞ የገባው" አለ ክንዴ መሬት መሬት እያየ።

"ምን አልከኝ?"

"ጠፍሩ ሳይበጠስ። እግሬ አለፈ፣ ከዚያ ነው የወደቅኩት። እዚያ ልነግራቸው ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ።" ምልክቱን በጣቱ ዳሰሰው። "ስጎተት የፈረሱ ኮቴ ከጆሮዬ ሥር ይሰማኝ ነበር እማ። አባቴም ይህንን ነው የሰማው አልኩ።"

በቀለች እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

ክንዴ ጠፍሩን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቶቹ መሃል ያዘ። ቋጠሮውን በጣቱ ሞከረ፤ እምቢ አለው። በጥፍሩ ሞከረ። በኋላ በጥርሱ ያዘው፤ እየጎተተ፣ እየተፋ፣ ደግሞ እየጎተተ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ቋጠሮው ቀስ ብሎ ላላ፤ ከዚያ ተፈታ። ጠፍሩ ከላይ ጠቁሮ አርጅቷል፤ ቋጠሮው ደብቆት የኖረው መሃሉ ግን ይኸነው የቋጠረ ዕለት እንደነበረው ገና ቢጫ ነው።

ተነስቶ ተራፊውን ጠፍር ከኮርቻው እንጨት ጋር አሰረው። ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ፈረሱ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን በአየር ላይ አንጠልጥሎ፣ የጠፍሩን ጫፍ ወደ እናቱ ዘረጋላት።

"እማ።"

"ወይ።"

"ነይ እስኪ እዪልኝ። የት ላይ ልቋጥረው?"

በቀለች ቀረበች። ያበጠውን እግሩን በአንድ እጇ ደገፈች፤ ጉልበቱን እጥፍ አደረገችና ተረከዙን ወደ ታች ገፋችው። ወረደ። እስክታምነው ድረስ ደግማ ገፋችው። ከዚያ ጠፍሩን ለካችና ጣቷን አሳረፈችበት።

"እዚህ ጋ" አለችው።